የዘበኛው ኮት

የኮቱ አዝራሮች በግራ በኩል ነበሩ። ይህን ያየሁት የቴአትር ቤቱ በር ተዘግቶ፣ የአዳራሹ መብራት ጠፍቶ፣ ተዋናዩ መድረኩ መሀል ቆሞ እስከ አንገቱ ድረስ መቆለፍ ሲጀምር ነው። የወንድ ኮት አዝራሩ በቀኝ ይሰፋል፤ የሴት በግራ። ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ኮት ቢዳብስ የወንድ ይሁን የሴት ይለየዋል። ይህን ኮት የሰፋው ደግሞ ራሱ ነው።

አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። “አንቺ ቅደሚ፣ ሱቁን ዘግቼ እደርሳለሁ” ብሎኝ ነበር። አልደረሰም።

ልጃችን የምታጠናው ቴአትር ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን። እዚያ ጽሑፍ ጽፎ ማስገባት ብቻውን አያስመርቅም። ለልምምድ ቴአትር ቤት ገብተው መሰላል ይሸከማሉ፣ ልብስ ይተኩሳሉ፣ መጋረጃ ይጎትታሉ። ልምምዱን ሲጨርሱ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቴአትር አዘጋጅተው በፈታኞች ፊት ያሳያሉ። የእሷ ቴአትር ፋብሪካው ተዘግቶ፣ ደመወዙ ተቋርጦ፣ አሁንም በየማታው ለጥበቃ ስለሚመጣ አንድ ዘበኛ ነው። ያ ምሽት ፈተናዋ ነበር።

እኔ በልምምዷ ወራት ያልፈራሁት ነገር የለም። መሰላሉን ፈራሁ፣ የመብራቱን ገመድ ፈራሁ፣ አምሽታ የምትሳፈርበትን ታክሲ ፈራሁ። ስልኳን ካላነሳች ወደ ቴአትር ቤቱ እደውል ስለነበር የመድረክ ኃላፊው ድምፄን ለይቶታል። ገና “ሄሎ” ስል፣ “እማማ፣ ልጅዎ በሕይወት አለች፤ ሻይ እየጠጣች ነው” ይለኛል። ባሌ ስም አውጥቶልኛል፤ አምቡላንስ። ስልኩን ሳነሳ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ፣ “መንገድ ልቀቁ፣ አምቡላንስ ተነሳች!” እያለ ይስቅብኛል።

ልጃችን የዘበኛውን ኮት እንዲሰፋላት ስትጠይቀው ደስታው ለብቻው ነበር። የተዋናዩን ልክ ስትነግረው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ “እንግዲህ እኔም ተለማማጅ ሆንኩ ማለት ነው። ሰርተፍኬት ይሰጡኛል?” አላት።

“ፈተናውን ካለፍክ ነዋ፣ አባባ።”

“ብወድቅ ደግሞ አንቺን ነው የምከሰው።”

ኮቱን ሲሰፋ አንድ ቀን መርፌው ውስጥ ክር እንዳስገባለት ጠራኝ። ዓይኑ ደክሟል አልኩና አስገባሁለት። ሌላ ቀን መቀሱን ሲፈልግ ስሙ ጠፋበት፤ “ያንን... ያንን የሚቆርጠውን አምጪልኝ” አለ። ሦስታችንም ሳቅን። ከሁላችን የበለጠ የሳቀው እሱ ነው።

እዚያ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ክሩም መቀሱም ትዝ አሉኝ። ልነሳ ከወንበሬ ከፍ አልኩ። ግን ልጄ ከመግባቴ በፊት በር ላይ እጄን ይዛ ለምናኛለች። “እማ፣ ዛሬን ብቻ። ዛሬን ብቻ ምንም አይመጣም ብለሽ ተቀመጪልኝ። ትንሽ አዳራሽ ነው፤ አንድ ሰው ከተነሳ ተዋናዩም ይደናገራል፣ ፈታኞቹም ዞረው ያያሉ።” የተቀመጥኩት መሀል ላይ ነው። ለመውጣት የስንቱን ሰው ጉልበት ማለፍ ነበረብኝ። ደግሞም ስንት ጊዜ ጮኼ ባዶ ሆኖ ተገኝቷል! “አንቺ አምቡላንስ፣ አርፈሽ ተቀመጪ” አልኩ ለራሴ። ተቀመጥኩ።

ቴአትሩ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ዓይኔ ከአዝራሮቹ አልተነቀለም። ሲጨበጨብ ሰው ገፍቼ ወጣሁ።

የሱቁ መዝጊያ ገርበብ ብሏል፤ መብራቱ በርቷል። ባሌ ከስፌት መኪናው ሥር ወድቋል። ዓይኑ ተከፍቷል፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። የክት ሱሪውን ለብሶ ጫማውን አሳምሮ ጠርጓል። ለመምጣት ተነስቶ ነበር።

ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለን። “ከዚህ በፊት የተለየ ነገር አላያችሁበትም? ንግግር መሳት፣ ዕቃ መጣል፣ የለመደውን ሥራ መሳሳት?” ብሎ ጠየቀኝ። ለሳል ሳይቀር ሐኪም ቤት የምሮጠው፣ ያልተጠየቅሁትን ሁሉ የምቀባጥረው ሴትዮ፣ ያን ቀን ሁለት ቃል ብቻ ተናገርኩ። “ኮት ነበር” አልኩ። ሐኪሙ ጠበቀኝ።

ባሌ ቤት ሲመለስ ቀኝ እጁ አልተመለሰም፤ ንግግሩም እንደዚያው። አልጋውን ሳሎን ውስጥ አነጠፍንለት።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ልጄ በፌስታል ዕቃ ይዛ መጣችና ማድ ቤት፣ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

“አልፌያለሁ፣ እማ።”

“አውቃለሁ። የመድረክ ኃላፊው ነገረኝ። አሁን ደዋዩ እሱ ሆኗል።”

አልሳቀችም። “ከሁሉ የወደዱት ኮቱን ነው። አንዷ ፈታኝ፣ አዝራሩን ያዞርሽው ዓለም ተገልብጣበታለች ለማለት ነው? አለችኝ። አዎ አልኳት።”

ለአባቷ የማደቀውን ድንች ማድቀቄን ቀጠልኩ።

“ልብሱን ለብሰው በተለማመዱበት ቀን አይቼዋለሁ እኮ። ተዋናዩ ሊቆልፍ ሲል እጁ ተደናገረ፤ በጣም ያምር ነበር። እዚያ ያስተማሩን፣ ስህተት ካማረ አትንኩት ብለው ነው። አልነካሁትም። አባባ እንዴት ሊሳሳት ቻለ ብዬ አንድ ጊዜ አልጠየቅሁም። የልብስ ሰፊ ልጅ ሆኜ!”

“እኔም አይቻለሁ” አልኳት።

“መቼ?”

“ገና ሲጀመር። ተዋናዩ መጀመሪያ ሲቆልፈው።”

“ታዲያ ለምን አልተነሳ...” አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ለምን እንዳልተነሳሁ የምታውቀው እሷ ናት። ድንቹን አስቀምጬ ራሷን ወደ ሆዴ ሳብኩት። “ኧረ ተይ፣ ልጄ። ኧረ ተይ” አልኳት።

በፌስታሉ ያለው ኮቱ ነበር፤ ቴአትር ቤቱ መልሶላታል። ባሌ እንዳያየው ልደብቀው ነበር፤ ግን በሳሎን በኩል ስናልፍ ጨርቅ ሲንኮሻኮሽ ሰምቶ ግራ እጁን ዘረጋ። ልጄ ደረቱ ላይ አኖረችለት። ዓይኑን ጨፈነ። ጣቶቹ ትከሻውን፣ ኮሌታውን፣ የኮቱን የፊት ጠርዝ እየዳበሱ ወረዱ። በቀኝ በኩል አዝራር ፈለጉ። አጡ። እንደገና ከላይ ጀምረው ፈለጉ። ከዚያ ወደ ግራ ተሻገሩና አገኙት፤ እዚያው ቆሙ። ዓይኑን ገለጠ። ከጉሮሮው የወጣውን ድምፅ መግለጽ አልችልም።

ልጄ ቶሎ ብላ ጎንበስ አለች። “አባባ፣ እኔ ነኝ እኮ በግራ አድርገው ያልኩህ። ረሳኸው? ለቴአትሩ እንዲያ እንዲሆን ነው የፈለግነው። ፈታኞቹ እንዴት እንደወደዱት ብታይ! አንተም አልፈሃል።”

በግራ እጁ ጉንጯን ሁለት ጊዜ ቸብ ቸብ አደረገላት፤ ልጅ እያለች ስትዋሸው እንደሚያደርገው።

መሽቷል። ዕድሜ ልኬን ሌባ ስለምፈራ በየማታው ከአልጋዬ ሆኜ፣ “ዘግተኸዋል?” እለው ነበር። “ዘግቼዋለሁ፤ አምቡላንስ፣ ተኚ” ይለኛል። አሁን እሱ ከአልጋው ወደ በሩ ያያል። ኮቱን ከደረቱ ላይ አላነሳንም። ሄጄ በሩን ገፋ አድርጌ መቀርቀሪያውን ወረወርኩት።

“ዘግቼዋለሁ” አልኩት።