አባቴ ዝኩኒ ሲያዳምጥ

በዚያ ዓመት በጓሯችን አራት የዝኩኒ ችግኝ ተከልኩ። አራት ብቻ። ማን መክሮኝ እንደሆነ አላስታውስም እንጂ ባስታውስ ኖሮ ዛሬም እጣላው ነበር። ጠዋት ጣቴን ያክል የነበረው ማታ ክንዴን ያክላል። በላን፣ ሰጠን፣ ደግመን ሰጠን። በመጨረሻ ጎረቤቶቼ ዘንቢል አንጠልጥዬ ሲያዩኝ በራቸውን መዝጋት ጀመሩ። "ባለዝኩኒዋ መጣች" ይባባሉ ኖሯል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እኔ የሰማሁት ከሁሉም በኋላ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ስር ናት፤ ከፊት ለፊቷ የአባቴ መኝታ ክፍል አለ። በሩን እንድዘጋው አይፈቅድም፣ እሱም አይወጣበትም። አባቴ አርባ ሁለት ዓመት ሰዓት ሠሪ ነበር። ዝኩኒው ከመብዛቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከፀጉር የማይወፍር ሽቦ በወረንጦ ይዞ ሳለ ጣለው፤ ጎንበስ ብሎ ሲፈልገው ዋለና አላገኘውም። ያን ቀን ሱቁን ዘጋ። ሐኪሙ "ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው፣ ክፉ በሽታ አይደለም" ቢለንም አልተጽናናም። የእጅ ሰዓቱን አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ከተተ፣ የግድግዳውንም አስወረደኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚጠይቅ ጠፋ።

አንድ ቀን የመሣሪያ ሣጥኑን በዓይኑ አሳየኝ። ሣጥኑ ላይ የጎረቤታችን የዳቦ ጋጋሪዋ የጠረጴዛ ሰዓት ተቀምጧል፤ ሳይጨርሰው የቀረ የመጨረሻ ሥራው ነው።

"ወሩ ሲያልቅ ሣጥኑን ገበያ ዳር ላለው ሰዓት ሠሪ ስጪልኝ። የሷንም ሰዓት መልሺላት። ለእኔ ምን ያደርግልኛል?"

ያ ሣጥን ከቤት ከወጣ አባቴም አብሮት እንደሚወጣ ገብቶኛል። አፌ ግን እንደ ልማዱ ቀደመኝ፤ "እሺ፣ አልጋውንስ ለማን ልስጥልህ?" አልኩት። አባቴ መርፌ ብሎ የሚጠራኝ በሥራዬ ምክንያት ብቻ አይደለም።

ዝኩኒው የተረፈኝ በዚህ መሃል ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ አሥራ ሦስተኛውን ዝኩኒ ስሰጣት ሳቀችብኝ። "አድርቂዋ! ዝናብ ሲገባ ታመሰግኚኛለሽ። በቀጭኑ ክተፊና አየር እንዲያገኛት አድርጊ፤ ሌላ ጥበብ የለውም" አለችኝ።

ክብ ክብ አድርጌ ከተፍኩ። ከዚያ ልብስ ሰፊ ብቻ የሚሠራውን ስህተት ሠራሁ። በመርፌና በወፍራም ክር፣ አንዱን ካንዱ አስጠግቼ፣ ጥብቅ አድርጌ ሰካሁት፤ ክፍተት ያለው ስፌት ሳይ ያመኛላ። ከመስኮት መስኮት ወጥሬ በሦስተኛው ቀን ጠርዙን ዳሰስኩት። ደርቋል። አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ሞላሁና ክዳኑን ጠረቀምኩ። በማግስቱ ጠርሙሱ ከውስጥ አላበው፣ በሳምንቱ ሻገተ። ለካ ጠርዙ ደርቆ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀው ሆዱ እርጥብ ኖሯል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጠርሙስ ሙሉ ድካሜን ደፍቼ፣ ቆሽቴ እያረረ እንደገና ጀመርኩ። ዝኩኒው እንደሆነ አያልቅም።

በሁለተኛው ዙር መርፌ አላነሳሁም። የተረፈኝን ስስ የመጋረጃ ጨርቅ በእንጨት ላይ ወጥሬ፣ እንዳይነካካ ዘርዝሬ አሰጣሁት። እኩለ ቀን ላይ አገላብጣለሁ፣ ጀምበር ስትጠልቅ አስገባለሁ። በአራተኛው ቀን ስፌት መኪናዬ አጠገብ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ እያየሁ የብረት ትሪ ላይ መጣል ጀመርኩ። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ደፍ።

"ያቺ አልደረቀችም።"

ዞር አልኩ። አባቴ ፊቱ አሁንም ወደ ግድግዳ ነው።

"የቷ?"

"አሁን የጣልሻት።"

አነሳኋት። በዓይን ከሌሎቹ አትለይም። ልሰብራት ብሞክር ታጠፈችብኝ፤ መሃሏ ገና ለስላሳ ነው። አጋጣሚ ነው ብዬ ሌላ ጣልኩ።

"ደርቃለች።"

ሌላ ጣልኩ።

"ደርቃለች።"

ሌላ።

"ይቺ ግማሽ ቀን ይቀራታል።"

ሃያ ጣልኩ፣ ሃያውንም እየሰበርኩ አየሁ። አንድ እንኳ አልሳተም። እኔ አገላብጬ አይቼ፣ በጣቴ ዳስሼ ያልለየሁትን፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ለየው። እጄን በአፌ ጫንኩ። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ስኖር ምን ዓይነት ጆሮ ይዞ እንደሚኖር አላወቅኩም ነበር። እውነቱን ልናገርና ትንሽ ፈራሁት።

"አባዬ፣ እንዴት አወቅክ?"

"የሰዓት ሆድ ውስጥ ዘይት ሲበዛ ድምፁ ይወፍራል። ውሃም ያው ነው።" ከዚያ ጨመረበት፦ "ሰው ሰዓት የምሠራው በእጄ ይመስለዋል። መጀመሪያ ይሰማል፤ እጅማ መጨረሻ ነው የሚመጣው።"

የገዛ ቃሉን ገና አሁን የሰማው መሰለኝ። ከዚያ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ተነስቶ ተቀምጧል።

"ትሪውን ወደዚህ አምጪው፣ መርፌ። ያን ያህል ርቀሽ ልትሸውጂኝ ነው?"

ያን ሳምንት እኔ እየጣልኩ እሱ እየሰማ ለቀምን። ሁለት ዘንቢል ሙሉ ዝኩኒ ደርቆ አንድ ጠርሙስ አልሞላም። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቼ ስንት ጊዜ እንዳየሁት! ያ ሁሉ ክብደት፣ ጎረቤት ያሸሸ ያ ሁሉ አረንጓዴ፣ በአንድ እጄ ተይዟል። ውሃው የት ሄደ? በመስኮታችን ወጥቶ ሰማይ ገባ ነው የምለው። ጠርሙሱም አላላበው። ስለ ሣጥኑ ግን አባቴ ምንም አላለኝም፤ ለቀማው ሲያልቅ ተመልሶ ጋደም አለ።

ወሩ ያለቀው ዝናቡ የገባ ዕለት ነው። ሣጥኑን በር አጠገብ አወጣሁትና ልወስደው አልቻልኩም። "መጀመሪያ ምሳ እንብላ" ብዬ ምክንያት ፈጠርኩ። ከጠርሙሱ አንድ እፍኝ ዘግኜ ሳህን ላይ አደረግኩና ለብ ያለ ውሃ አፈሰስኩበት። አባቴ የዝኩኒውን ድምፅ ሲሰማ ወጥቶ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ።

"ምን ያህል ይቆያል?"

"ዳቦ ጋጋሪዋ ግማሽ ሰዓት ብላኛለች።"

"አሁን ስንት ሆነ?"

አራት ወር ሙሉ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። "እኔ እንጃ" አልኩት። "አንተ ቤት ሰዓት የለም።"

ሄዶ መሳቢያውን ከፈተ። የእጅ ሰዓቱን ይዞ መጣና ሊሞላው ሞከረ፤ ጣቶቹ ተንሸራተቱበት፣ ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ሳያየኝ ዘረጋልኝ።

"ሙዪልኝ።"

ሞላሁለት። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን እጄ ላይ አስጠጋ፤ ትንፋሹ መዳፌን ያሞቀኛል።

"በቃት" አለ። "ሄደች።"

ሁለታችንም ሳህኑ ላይ አቀርቅረን ቆየን። የተጨማደደው ሁሉ ቀስ በቀስ ይዘረጋል። ጠርዙ ላይ አረንጓዴው ተመለሰ፣ መሃሉ ላይ ፍሬዎቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። አንዷ ቁራጭ ስትገለበጥ አባቴ ትንፋሹን ያዘ። ውጭ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ እዚህ ሳህን ላይ የበጋው ጓሯችን ተመልሶ መጥቷል።

በሽንኩርትና በቲማቲም ሠርቼው በላን። አባቴ ሳህኑን ጠረገና ወደ በሩ አየ።

"ሣጥኑን መልሺው። የዳቦ ጋጋሪዋንም ሰዓት አምጪ።"

አመጣሁ። ካቻቢቴውን አንስቶ ለራሱ አልያዘውም፤ ለእኔ ሰጠኝ። እየፈራሁ ጫፉን የሰዓቱ ጀርባ ብሎን ላይ አሳረፍኩ።

"አይዞሽ መርፌ፣ ገና አትፍቺያትም" አለኝ፣ ጆሮውን ወደ ሰዓቱ እያስጠጋ። "መጀመሪያ እንስማት።"