ከካፒቴኑ ጀርባ ያለችው ወንበር

ከካፒቴኑ ጀርባ ያለችውን ያቺን ታጣፊ ወንበር ድሬዳዋ አውሮፕላን ጣቢያ እንደ ተሳፋሪ ተቆጣጣሪው ሣህሉ የጠበቃት የለም። የአየር መንገዱ ሠራተኛ ካልሆነ፣ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ካላሳየ፣ ያም ቢቀር ከጣቢያው ሹም ከአቶ ኃይለጊዮርጊስ አፍ ፈቃድ ካልመጣ፣ አብራሪዎቹ ክፍል ማን አባቱ ይገባል? የደጃዝማች የወንድም ልጅ እንኳ ከመሰላሉ ላይ መልሷል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይል ነበር፣ ደረቱን ነፍቶ።

ያን ቀን ግን የገዛ ልጁ መጣችበት። ማዘንጊያ፣ ከሁለት ሟቾች በኋላ የተገኘች አንድ ፍሬ ልጅ፣ ጉሮሮዋ አብጦ ትንፋሽ እያጠራት። ሐኪሙ «ዛሬ ማታ አዲስ አበባ ካልደረሰች እንጃ» ብሎታል። ባቡሩ የሚገባው በማግስቱ ነው። አውሮፕላኑ ደግሞ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ ለመናቸው፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ መስኮት አዞሩ። ባዶ የቀረችው ያቺው ወንበር ናት።

«እናቷ ታቅፋት ትቀመጥ» ብሎ ካፒቴኑ እግር ላይ ሊወድቅ ደረሰ።

«በእኔ በኩል ደስ ይለኛል» አለ ካፒቴኑ። «ግን የሹምህን ቃል አምጣ። ያለሱ አይሆንም እያልክ ስንቱን ያስወረድክብኝ አንተው ነህ። ነዳጅ እስኪሞላ እጠብቅሃለሁ።»

ሚስቱን ይርገዱን ከነልጅዋ ጣቢያው በረንዳ ላይ ትቶ በጋሪ ወደ ሹሙ ቤት፣ ወደ ከዚራ ሰፈር ከነፈ። ስልክማ ምን ያደርጋል! ቀትር ላይ ድሬዳዋ ትተኛለች፤ ሹሙም ስልካቸውን ነቅለው ይተኛሉ። በዚያ ሰዓት የሰው በር የሚያንኳኳ ወይ እብድ ነው ወይ መርዶ ነጋሪ።

ዘበኛው ዱዓሌ ዛፍ ሥር ጫቱን እየቃመ ነው። «ተኝቷል ወላሂ። ሲነሳ ታናግረዋለህ» አለው።

«ልጄ እየሞተችብኝ ነው!»

«እንግዲያ በሩ ያውና። እኔ አልቀሰቅስም፤ አንተ አንኳኳ።»

ሣህሉ በረንዳው ላይ ወጣ። እጁን አነሳ። ከውስጥ ማንኮራፋት ይሰማል። ወይ ጉድ! የደጃዝማች ዘመድ ያልፈራ ሰው የአለቃውን እንቅልፍ ፈራ። ዕድሜውን ሙሉ ደጅ ሲጠና የኖረ እጅ ማንኳኳትን ከየት ይማር? ቢቆጡስ? ተናደው እምቢ ቢሉስ? «ትንሽ ልታገሥ፣ አሁን ይነሳሉ» አለ በልቡ። ቆቡን አውልቆ ግድግዳው ሥር ቆመ። ቀስ ብሎ ሳል ሳል አለ። አሁንም ትንሽ ልታገሥ አለ።

ሹሙን የቀሰቀሳቸው በጣሪያው ላይ ያለፈው የአውሮፕላኑ ድምፅ ነው። በሽርጥ ወጡ፣ ዓይናቸውን እያሹ። ሣህሉ ነገራቸው።

«ለልጅህ? እንዴ! ምን ጥያቄ አለው፣ ትሂድ እንጂ!» አሉ። ከዚያ ሰማዩን አዩ፣ እሱን አዩት። «አንተ ሰውዬ፣ እዚሁ ቆመህ ነበር? ምነው ብታንኳኳ?»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው።

ሣህሉ ጣቢያው ሲመለስ ይርገዱ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም። ካፒቴኑ «መጣ?» እያለ ደጋግሞ አስጠይቋት፣ ቆይቶ ቆይቶ ሄዷል። ልጅቱ ጭኗ ላይ ናት፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የሚገባላት አየር ግን የለም።

«ከለከሉህ?» አለችው።

«የለም፣ ፈቀዱ።»

ይርገዱ ባዶውን ሜዳ አየች። «መቼ?»

«ከእንቅልፋቸው ሲነሱ» አለ ሣህሉ።

ነጠላዋን በልጅቱ ላይ ሳበችና ፊቷን ከእሱ አዞረች።