የትሁን ጓዝ

ጌጤ ማለዳ ማለዳ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የምትልክ ሳይሆን ዘማች የምትሸኝ ትመስል ነበር። ወገግ ሳይል ተነሥታ እሳት ታነዳለች፤ በሶውን ትጨብጣለች፤ ቆሎውን ትቋጥራለች። ከዚያ ዕቃውን አንድ በአንድ መደቡ ላይ ትደረድራለች። ሰሌዳና ጠመኔ፣ ደብተርና እርሳስ። ትምህርት ቤቱ ለትንንሾቹ ገና አግዳሚ ወንበር አላበጀላቸውምና ለመቀመጫ የበግ አጎዛ። ለብርድ ጋቢ፤ ለዝናብ ከሣር የተጎነጎነ ገሳ። ውሃ በቅል፣ ምሳ በአገልግል፣ ምሳው ቢያንስ ደግሞ ቆሎ በስልቻ። ለውሻ ዱላ። ለቡዳ በጨርቅ የተቋጠረ ነጭ ሽንኩርት።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው ማን ነው ቢሉ፣ ትሁን ናት። ትሁን ሰባት ዓመቷ ነው፤ ለሰባት ዓመትም ትንሽ ናት። ጓዙ ታስሮ ጀርባዋ ላይ ሲወጣ፣ ከኋላ ለሚያያት ገሳው ራሱ ሁለት እግር አብቅሎ የሚሄድ ይመስላል። ከመንደሩ እስከ መካነ ኢየሱስ ከተማ ያለው መንገድ ደግሞ ለባዶ ጀርባ እንኳ የሚቀል አይደለም፤ ዳገቱን ወጥቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ ነው።

የመንደር ሰው መቼም አፍ አይከለከልም። «ጌጤ ዛሬም አህያዋን ጫነች?» ይላሉ። ጌጤ ትሰማለች፤ ሰምታም እንዳልሰማ ታልፋለች። ልጅቱን እንዲህ የምትጭናት ጨክናባት አልነበረም። ፈርታ ነው።

የምትፈራው ብርቄን ነው። ብርቄ የትሁን አክስት፣ የሟቿ እናቷ የቦጋለች ታላቅ እህት ናት። ቦጋለች ስትሞት ትሁን ገና ጥርሷን አልነቀለችም ነበር። ዓመት ቆይቶ አባቷ ፈንታ ጌጤን ከሲማዳ አምጥቶ ሲያገባ፣ ብርቄ በንስሐ አባታቸው ፊት ብድግ ብላ እንዲህ አለች፦

«ልጅቱ ካባቷ ቤት ትቀመጥ፤ አልከለክልም። ግን የእህቴ ልጅ አንዲት ነገር ጎድሎባት ባይ፣ ያን ዕለት እጇን ይዤ ወደ ቤቴ ነው። እግዜር ይይልኝ፣ እርስዎም ይስሙኝ አባ።»

ቄሱም ፈንታም «ይሁን» አሉ። ብርቄ ደግሞ ብላ የምትቀር ሴት አይደለችም።

ክፋቱ፣ የብርቄ ቤት ከመንገዱ ዳር ነው። ትሁን ወደ ከተማ ስትወርድ የግድ በደጃፏ ታልፋለች። ብርቄ ጧት ጧት አጥሯ ሥር ቆማ «ጋቢሽስ? ምሳሽስ? ውሃ ይዘሻል?» እያለች እንደ ኬላ ጠባቂ ትፈትሻታለች። ፍተሻው ሲያልቅ ግንባሯን ስማ ትለቃታለች፤ እንዲያው ለነገሩ ብርቄም ልጅቱን ትወዳታለች፤ ፍቅሯ እንጂ ክፋቷ አይደለም እንዲህ የሚያደርጋት።

ጌጤ ከመጀመሪያ ባሏ የተለየችው ልጅ አልወለድሽም ተብላ ነው። ፈንታ ቤት በገባች ሰሞን፣ አንድ ቀን ጥጥ ስትፈትል ትሁን ቀስ ብላ መጥታ፣ ራሷን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት። ጌጤ እንዝርቱን አስቀምጣ፣ እግሯ እስኪደነዝዝ ሳትንቀሳቀስ ቆየች። ከዚያ ቀን ወዲያ ትሁን የሌለችበት ቤት ቤት ሆኖ አልታይ አላት። እንግዲህ ይህችን ልጅ በአንዲት ቅል ውሃ ሰበብ ልትነጠቅ ነው? ቅሉ ይጫን እንጂ! የእንጀራ እናትነት እንደሆነ ክፉ ዕጣ ነው፤ ብትሰጪ ለታይታ ነው፣ ብትነሺ ጨካኝ ነሽ። ጌጤ ለታይታ ነው ቢሏት መረጠች።

በመጀመሪያው ሰሞን ትሁን መዘግየት አበዛች። አስተማሪዋ ማሩ ፈንታን ገበያ ላይ አግኝቶ፣ «ልጅህ የምትደርሰው ጓደኞቿ ፊደሉን ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ ነው። ላብ በላብ ሆና ትገባና እንቅልፍ ይጥላታል» አለው። ፈንታ ይህንኑ ለጌጤ ነገራት። ጌጤ ታዲያ ጓዙን ቀነሰች? የለም፤ ልጅቱን ቀደም አድርጋ መቀስቀስ ጀመረች።

«ኧረ ሴትዮ፣ የጭነት በቅሎ አደረግሻት እኮ፤ ሌላው ቢቀር አጎዛውን ተዪላት» አላት ፈንታ።

«መሬት ላይ ተቀምጣ ብርድ ቢመታትስ? እትዬ ብርቄስ ብታይ?»

ፈንታ ጠላውን ጨለጠና ወጣ። በሁለት ሴቶች መካከል የገባ ወንድ ሌላ ምን ያደርጋል።

ከጥምቀት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ማሩ «አሁንስ ከሁሉ ቀድማ የምትገባው እሷ ናት» ብሎ መሰከረ። ጌጤ ይህን ስትሰማ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። «አየህ? ጉልበቷ ጠና። ልጅ ማለት ያስለመዱትን ነው» እያለች ፈንታ ላይ ቀኑን ሙሉ ስትኮራበት ዋለች። እውነት ነው፣ ማታ ማታ ጋቢውን ስታራግፍ ጉንዳን ይረግፍ ጀምሯል፤ ገሳውም ላይ የአጋም እሾህ ተሰክቶ ታገኛለች። ጉንዳኑን ረገመች እንጂ ነገሩን ልብ አላለችውም።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ሰማዩ ከቀትር በኋላ መጥቆር በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ቀን ብርቄ ሳትጠበቅ መጣች። ጌጤ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ስትል ብርቄ ፊቷ ቆማለች። አጎዛው፣ ጋቢው፣ ገሳው፣ ቅሉ፣ ስልቻው፣ ሁሉም በብርቄ ጀርባ ላይ ነው። ከሰሌዳና ከደብተር፣ ከምሳም በቀር የቀረ የለም።

ጌጤ ሰፌዱን ይዛ ብድግ አለች። «ትሁን! ትሁን ምን ሆነች?»

«ትሁንማ ትምህርት ቤቷ ናት» አለች ብርቄ ሸክሙን መሬት ላይ እየዘረገፈች። «ይኸን ግን ጥጃ ጠፍታብኝ ስፈልግ ከቤቴ በታች ካለው አጋም ሥር ተወሽቆ አገኘሁት። ጥላው ነው የሄደች። የማትችለውን ትጭኚባታለሽ፣ እሷም ዱር ለዱር ትጥላለች። እኔ ሞኟ የምትጭኚያት አስበሽላት መስሎኝ! ለካስ ልጅቱን ልታማርሪያት ኖሯል። በቃ፤ ዛሬ ይዣት እሄዳለሁ። በአባ ፊት ብያለሁ።»

የጌጤን አንጀት የቆረጠው የብርቄ ቁጣ አልነበረም። እሷ በጨለማ ተነሥታ የቋጠረችውን ልጅቱ ከአጋም ሥር መጣሏ ነው። ከበደኝ ብላ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ጠልታኝ ነው፣ አለች በልቧ፤ ሌላ ምን ይሆናል፣ ጠልታኝ ነው። እንባዋ ሰፌዱ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

ፈንታ ከእርሻ ሲገባ ሁለቱ ሴቶች ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀምጠዋል። ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ደጁ በአንድ አፍታ ነጣ። የተማሪ መመለሻ ሰዓት ደረሰ። የጎረቤት ልጆች መጻሕፍታቸውን በሆዳቸው ሸጉጠው፣ እየጮኹና እየሳቁ በበሩ አለፉ። ትሁን ግን ከመካከላቸው የለችም።

ጌጤ ብድግ ብላ ወደ መንገዱ ተጣራች። «ትሁንን አላያችኋትም?»

«ከኋላ ቀርታለች! የሆነ ነገር ጠፍቶባት ትፈልጋለች!» አለ አንዱ ሳይቆም።

ብርቄ የሰማችው ያኔ ነው። ዓይኗ መሬት ላይ ወደተዘረገፈው ዕቃ ሄደ፤ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ልጅቱ የምትፈልገውን ነገር ያነሣችው እሷ ናት።

ፈንታ «ወንዙ ሞልቶ እንዳይሆን!» ብሎ በአቋራጩ ወደ ወንዙ ሮጠ። ጌጤ ገሳውን አንሥታ በዋናው መንገድ ቁልቁል ወረደች። ብርቄም ነጠላዋን አገልድማ ተከተለቻት። ጭቃው እያንሸራተታቸው፣ አንዷ ስትወድቅ ሌላዋ እያነሣቻት ወረዱ፤ ያን ሰዓት ማን ከማን እንደተጣላ ያስታወሰ አልነበረም።

ትሁን ከአጋሙ ሥር ተንበርክካለች። በረዶው ጀርባዋን እየደበደበው፣ እሾሁ ክንዷን እየቧጨረው፣ እጇን ቁጥቋጦው ውስጥ አስገብታ ትዳብሳለች። እታለም የምትላትን ጌጤን ስታይ ተነሥታ ከመሮጥ ይልቅ ወደኋላ አፈገፈገች።

«ጠፋ» አለች ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ። «እታለም፣ ሁሉም ጠፋ። እዚህ ነበር ያስቀመጥኩት። ቆይ ልፈልገው።»

ጌጤ ገሳውን አለበሰቻትና አዘለቻት። ትሁን ከመታዘል ዕድሜ ካለፈች ቆይታለች፤ ቢሆንም ጌጤ ያን ቀን ክብደቷ አልተሰማትም። ወደ ወንዙ አቅጣጫ «አገኘናት!» ብላ ጮኸች፤ ፈንታም ከሩቅ መለሰላት። ቅርብ ያለው የብርቄ ቤት ነውና ወደዚያው ገቡ።

ብርቄ እሳቱን አያያዘች፤ እንጨት ላይ እንጨት ጨመረች፤ አፏ ግን አላረፈም። «ተመልከቷት! ሰው እንደሌላት ልጅ በስብሳ! ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ፣ ዕቃሽን እንዲህ የምትጥዪው?»

«አልጣልኩትም» አለች ትሁን። «አስቀመጥኩት እንጂ። ማታ ማታ እኮ ይዤው እገባለሁ።»

«ከከበደሽ ታዲያ ለምን ከቤት አትተዪውም?»

ትሁን መጀመሪያ ጌጤን አየቻት፤ ቀጥላ አክስቷን።

«እርስዎ እንዲያዩት ነዋ።»

«እኔ?»

«የጎደለሽ ነገር ካለ እወስድሻለሁ ይሉኝ የለ? ስለዚህ እስከዚህ ድረስ እሸከመዋለሁ። እርስዎ አይተው ሲጨርሱ፣ ከታች አስቀምጠውና እሮጣለሁ።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ «ለእታለም ከባድ ነው ብላት ደግሞ ትተወዋለች፤ ከተወችው እርስዎ ይወስዱኛል። ከሷ ዘንድ መሆን ነው የምፈልገው።»

ጌጤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ጠላችኝ ያለቻት ልጅ፣ ለካ ያን ሁሉ ጓዝ ያን ሁሉ ዳገት ላይ ያወጣችው ከእሷ ላለመለየት ኖሯል። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ልባቸው ውስጥ የነበረውን ፍርሃት ሁሉ አንዲት ፍሬ ልጅ ተሸክማ ስትመላለስ መክረሟ ታያት።

ብርቄ ወዲያው እጅ መስጠት አልሆነላትም። «ዝናቡስ?» አለች ድምፅዋን ቀንሳ። «ገሳሽን ጥለሽ ሄደሽ ይኸው በሰበስሽ። እናት እንደሌላት ልጅ፣ ብቻሽን...»

«ብቻዬን መቼ ነው? ሁላችንም በስብሰናል» አለች ትሁን፣ አክስቷ ይህን አለማወቋ እያስገረማት። «የተሻገር ልጅም፣ አመተ ሥላሴም። እናት ያላቸውም እኮ ይበሰብሳሉ።»

ብርቄ ጉልቻው አጠገብ ቁጭ አለች። እሷና ቦጋለች በልጅነታቸው ከዚሁ ቁልቁለት ላይ ስንት ጊዜ እንደ ታጠበ ጨርቅ እየተንጠባጠቡ ገብተዋል! እናታቸው «የት ተጎልታችሁ ነበር እናንተ መዘዞች!» ብላ ትቆጣና እሳት ዳር ታስቀምጣቸው ነበር። አንድም ሰው መጥቶ ልጆቹን ልውሰድ ያለ የለም። ይህን ሁሉ ዓመት ረስታው ኖራ፣ አሁን እንደ ትናንት ትዝ አላት።

ተነሥታ ሳጥኗን ከፈተች። ለቅዳሴ ብቻ የምትለብሰውን ንጹሕ ኩታ አወጣችና ወደ ልጅቱ ተራመደች። ከትሁን ፊት ደርሳ ኩታውን ልትዘረጋው ስትል ቆመች። ትሁን ጥርሷ እየተንገጫገጨ ወደ ጌጤ ጠጋ ብላለች። ብርቄ ልጅቱን አየት፣ ጌጤን አየት አደረገች፤ ከዚያ ኩታውን ለጌጤ ዘረጋችላት።

«እንኪ» አለች። «ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ልጅሽን አድርቂያት እንጂ።»

ጌጤ ኩታውን ተቀበለች። ከትሁን ፀጉር ጀምራ አደረቀቻት።