የጥቁሩ ጣቃ ክስ

«ቀለም የሚለቅ ጨርቅ ሸጠውልኝ ሲያበቁ ደግሞ ይቆጣሉ?» አለች ታላቂቱ እህት፣ ሦስት ጥቁር የውስጥ ሱሪዎች በልብስ ስፌት ቤታቸው መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ እየዘረጋች። ሦስቱም መሀላቸው ላይ ነጣ ብለዋል።

የጨርቅ ነጋዴው ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰቀሉ። «ይኼን ነገር ፊቴ ላይ ትዘረጊብኛለሽ?»

«ታጥቧል እኮ! ደንበኛዬ ናት የመለሰችው። ይዩት!»

«አላይም!»

«ካላዩ ቀለሙ ደህና መሆኑን በምን አወቁ?»

«በዚህ ነዋ!» ነጋዴው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈተው ጥቁር ካናቴራቸውን አሳዩ። «ከዚያው ጣቃ የሰፋሽልኝ አይደል? ዓመት ሙሉ በሳሙና ታሽቷል፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። እስቲ የነጣበትን አሳዪኝ!»

ከክፍሉ ጥግ፣ ከመለኪያው መጋረጃ ጀርባ፣ ታናሽ እህቷ ተንበርክካ የአንዲት አዋላጅ ነርስ አዲስ ጋወን ጫፍ በስፒል ትይዝ ነበር። ጭቅጭቁን ጆሮዋን ጥላ ትሰማለች። እሷም ሁለት እንዲህ ዓይነት የውስጥ ሱሪዎች በድብቅ ጥላለች። የእሷ ነገር ግን በዚህ አላበቃም፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ነጭ ፈሳሽ እየወረዳት ያሳክካታል። ለባሏ ድካም ነው ብላ ከልጇ ጋር ትተኛለች። ማህፀኔ ተበላሽቷል፣ ሁለተኛ ልጅ የሚባል ነገር ቀርቷል ብላ ደምድማለች። ለማንም አልተናገረችም።

አዋላጇ ሳቋ አመለጣት። መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። «እቴቴ፣ ጨርቁም አላጠፋም፣ ደንበኛሽም አላጠፋችም።»

«ታዲያ ማን አጠፋ?»

«ማንም። ጤነኛ ሴት ሁሉ ፈሳሽ አላት። በተፈጥሮው ኮምጠጥ ይላል፤ ጀርምን የሚከላከለው በዚያ ነው። ጥቁር ጨርቅ ላይ ሎሚ ጠብ ቢል ምን ይሆናል?»

«ይነጣል» አለች ታላቂቱ ሳትወድ።

«ይኸው ነው። የጋሼ ካናቴራ ሎሚ አልነካውም።»

«ሲስተር፣ እኔ ብወጣ ይሻላል» አሉ ነጋዴው፣ ቁልፋቸውን በጥድፊያ እየቆለፉ።

«ይቀመጡ እንጂ፣ ስምዎን እያጠራሁልዎት ነው!»

ነጋዴው ይህን ሲሰሙ ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ግን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ታላቂቱ የውስጥ ሱሪዎቹን ረስታቸዋለች። «አንዳንድ ቀን እንደ እንቁላል ነጭ ይሳባል፣ ሌላ ቀን ወፈር ይላል። እኔ እኮ ሃያ ዓመት ሙሉ ግራ ሲገባኝ ነው የኖርኩት!»

«ከወር አበባሽ ጋር የሚለዋወጥ ነው። ካልሸተተ፣ ካላሳከከ፣ ደህና ነሽ።»

ነጋዴው ወደ ግድግዳው አሳላቸው። ታላቂቱ አፏን ያዘች።

ታናሽየዋ ስፒሎቹን ከከንፈሯ አወጣች። «አንዲት… ደንበኛ ነበረች» አለች። «ልትለካ መጥታ ነው የነገረችኝ። የእሷ እንደ ረጋ ወተት ፍርፍር ይላል። ያሳክካታል። ማህፀኔ ተበላሽቷል ትላለች።»

አዋላጇ ቁልቁል አየቻት፤ ወዲያው ዓይኗን ወደ መስታወቱ መለሰች። «በምን ትታጠባለች ያቺ ደንበኛ?»

«በልብስ ሳሙና። ቀጥሎ በአቼቶ። ውስጡንም።»

«ውይ! ገላዋን ምንጣፍ አደረገችው እንዴ? ከዛሬ ጀምራ ትተወው። ውጪውን በንጹሕ ውሃ ብቻ፤ ውስጡ ራሱን ያጸዳል። ይኼ ፈንገስ ይመስለኛል። ስንቷን ሴት የሚይዝ ነው፤ በመድኃኒት ይድናል፣ ማህፀን አያበላሽም። ግን በግምት መድኃኒት እንዳትገዛ፣ መጥታ ትታይ። እንደ ዓሣ የሚሸት ከሆነ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከመሰለ፣ እንብርቷ ሥር ካመማት፣ ከወር አበባ ውጪም ደም ካየች ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ትምጣ።»

«ይቆጧታል እንዴ?»

«ማን ይቆጣታል? ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያው ተረኛዋ እኔ ነኝ። አዋላጇን ፈልጌ ነው ትበል፣ በቃ።»

ታናሽየዋ የመጨረሻዋን ስፒል ሰካች። አዋላጇ ጋወኑን አውልቃ፣ የራሷን ልብስ ለብሳ፣ ሁሉንም ተሰናብታ ሄደች።

ነጋዴው ከግድግዳው ዞሩ። «እሺ! አሁን ይቅርታ ጠይቂኛ!»

«ይቅርታ ጋሼ። ሱሪዎቹን ለመለሰችው ደንበኛ ግን እርስዎ ያስረዱልኝ።»

«እኔ? እኔ ስለ ሎሚ ላስረዳ?»

«ጨርቁ የማን ነው?»

«ሰፊዋ ማን ናት?»

ታናሽየዋ ስፒሎቹን መርፌ መሰኪያው ላይ አንድ በአንድ ደረደረች። የስፌት መኪናዋን ክዳን መለሰች፣ ሻርፕዋን ከምስማሩ አነሣች።

«ካናቴራዎን ይዘው ይሂዱና እንደ ማስረጃ ያሳዩዋት!» አለች ታላቂቱ።

«ሸሚዜን ደንበኛሽ ፊት ልፍታልሽ?»

ታላቂቱ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች፤ ነጋዴውም አልቻሉም። በሩ ተከፍቶ ከታናሽየዋ ኋላ በቀስታ ተዘጋ።

«በሉ» አለች ታላቂቱ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ከዚያው ጣቃ ሌላ ይላኩልኝ።»

«ከጥቁሩ?»

«ከጥቁሩ ነዋ!»