የአይናዲስ ሠላሳ ስምንት

አይናዲስ ዘጠነኛ ክፍልን እየደገመች ነበር። ዘንድሮም ሒሳብ ከጣላት የይጁቤ ትምህርቷ አበቃ፤ ክፍል ደግሞ የወደቀ ከትምህርት ቤቱ ይሰናበታል።

በአንድ ለአምስቱ የጥናት ድልድል የደረሳት የሙላት ቡድን ነው። ሙላት ከክፍሉ አንደኛ፣ የቀሩት አምስቱ የሱ ጭራ። ጭራነት ደግሞ ይለመዳል፤ አይናዲስ ሙላት ሲያስነጥስ እንኳ በትክክል ያስነጠሰ ይመስላት ነበር።

የሒሳብ ማጠቃለያ ፈተናው የተመለሰ ዕለት፣ መምህር ይታያል «ሙላት፣ ከአርባ ሠላሳ አምስት» አለ። ተጨበጨበ። «አይናዲስ…» ወረቀቱን አገላብጦ አየው። «ሠላሳ ስምንት።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ቀድማ የሳቀችው ራሷ አይናዲስ ናት።

«ቲቸር፣ የኔ አይሆንም። ተሳስተው ይሆናል።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከደብተሯ ጋር ስትታገል መክረሟን አልረሳችም። ግን እንዲህ ያለ ቁጥር ከስሟ አጠገብ ቆሞ አይታ አታውቅም።

«ከማን ገለበጥሽ?»

«እኔ እንጃ፣ ቲቸር።»

«ከሙላት ነዋ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ሦስቷ ምርቃት ናት!»

ደግሞ ሳቅ። መምህሩም ፈገግ አለ። «ነይ ውጪ፣ ዘጠነኛውን ጥያቄ ሥሪ። ከሠራሽው ውጤቱ ያንቺ፤ ካልሠራሽው ዜሮ» አላትና ሌሎቹን ወረቀቶች ማደል ያዘ።

ጠመኔውን አንስታ ጻፈች፤ መልሳ አጠፋች። እየቆየ ግን መስመር በመስመር ወረደችና ሰባት ላይ ደረሰች። ዞር ብላ ያየችው መምህሩን አይደለም፤ ሙላትን ነው።

ሙላት ግንባሩን ቋጥሯል። ያቺን ጥያቄ ስቷት ነበርና የት ላይ እንደተሳሳተ ገና አሁን ከሰሌዳው መረዳቱ ነው። እሷ ይህን በምን ትወቅ? የሙላት ግንባር ከተቋጠረ የተሳሳተችው እሷ ናት።

ሰባቷን በእጅጌዋ ጠረገቻት።

«እህስ፣ መልሱ?» አለ መምህሩ ቀና ብሎ።

«አላውቀውም።»

«እንዲያ በይ!» ሠላሳ ስምንቱን በቀይ ሰረዘው።

ቦታዋ ስትመለስ ወደ ሙላት ጠጋ አለች። «ስንት ነበር መልሱ?»

«ሰባት» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

አይናዲስ ጠመኔ የነካውን እጅጌዋን አራገፈች። «እንዲያውም በግምት ነው የመታሁት» አለች ቀስ ብላ። «ለቲቸር እንዳትነግራቸው፤ ደግሞ ይስቁብኛል።»

ሙላትም አልነገረም። ሰኔ ላይ የተሰናባቾች ስም ሲለጠፍ፣ አይናዲስ ከላይ ሦስተኛዋ ነበረች።