የሱቆች እድር

ጋሽ ሳህሉ መንገዳችንን ለማሳመር ከመነሳታቸው በፊት መንገዳችን ደህና ነበረች። የእግረኛው መሄጃ ተሰነጣጥቋል፣ የቆሻሻ መጣያው ሁሌ ሞልቶ ይፈስሳል፤ እሱን አልክድም። ቢሆንም ቶሮንቶ ውስጥ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ያለችው የእኛዋ ቁራጭ ሰው አጥታ አታውቅም። እዚያው መሀል ላይ ባለ ሁለት ወንበር ፀጉር ቤት ነበረኝ። እኔና ባለቤቴ የምንተዳደረው በእሱ ነበር። ቤቱ የጋሽ ሳህሉ ነው፤ ከጎኔ ያሉት ሱቆችም የእሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ግማሽ ፂማቸውን ላጭቼ ግማሹ ሲቀር፣ «ዘመድኩን፣ ቢአይኤ ልናቋቁም ነው» አሉኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የሰፈሩ ባለንብረቶች ተጨማሪ ግብር እንከፍላለን። ከተማው ይሰበስብና መልሶ ለእኛው ይሰጠናል። በእሱ መብራት እንተክላለን፣ አበባ እናስቀምጣለን፣ መንገዱን እናሳምራለን።»

«የሚከፍሉት ባለንብረቶች ብቻ ናቸው?»

«በወረቀት ደረጃ፣ አዎ።»

በወረቀት ደረጃ! ባለንብረት የከፈለው ግብር ዞሮ ተከራይ ላይ እንደሚያርፍ የሱቅ ኪራይ ውል፣ ሊዝ የሚሉትን፣ የፈረመ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን ሌላ ነገር አስከትለው ጠየቁኝ።

«ሊዝህ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«የሚመጣው ዓመት፣ ጁላይ ላይ።»

«እሱን ለእኔ ተወው። አንተ ብቻ ሰዉ ቮት እንዲያደርግ አድርግልኝ። አንደበት አለህ።»

አንደበት እንዳለኝ እውነት ነው። ድምፅ የሚሰጠው ተከራዩም ጭምር ነው፤ ችግሩ የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ መምጣቱ ላይ ነው። የእኛ ሰው ከከተማው የመጣ ፖስታ ሲያይ ቅጣት ይመስለዋል፤ ሳይከፍት ፍሪጅ ላይ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ቢአይኤ ብል ማንም አልሰማኝም። በመጨረሻ፣ «እድር በሉት በቃ! የሱቆች እድር! ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፣ ክፉ ቀን ሲመጣ አብረን እንቆማለን፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አልኩ። እድር ሲባል ሁሉም ገባው። ፖስታው ከየፍሪጁ ላይ ወረደ።

የጠየቁኝ እማማ ወለተሥላሴ ብቻ ናቸው። በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ፣ ከሁላችንም በፊት እዚያ መንገድ ላይ የከፈቱ ሴት ናቸው።

«እድር ከሆነ ማን ሞቶ ነው?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተም፣ እማማ።»

«በእኛ አገር የእድር ዳኛ ቤት አከራያችን አልነበረም» አሉና፣ ለእኔ ሲሉ ፈረሙ።

ቢአይኤው ጸደቀ። ጋሽ ሳህሉ ሊቀመንበር ሆኑ። መብራቱ መጣ፣ በርሜል የሚያክል የአበባ ማሰሮ በየምሰሶው ስር ተቀመጠ፣ በኪራዬ ላይም «የመንገድ ማሻሻያ» የሚባል ነገር መጨመር ጀመረ። መዋጮ ነው ብዬ ከፈልኩ። ከዚያ ደግሞ ጋሽ ሳህሉ ፎቶ አንሺ ላኩ። «የመንገዳችን ፊቶች» በሚል የነጋዴዎቹ ፎቶ በትልልቁ ታትሞ ምሰሶ ላይ ሊሰቀል ነው። የእኔ ፊት መቀሱን ይዞ እየሳቀ፣ በር አክሎ ከሱቄ ፊት ለፊት ተሰቀለ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ! ደብረ ብርሃን ላለው ወንድሜ ብልክለት፣ «ለምርጫ ተወዳደርክ እንዴ?» አለኝ።

ጁላይ ደረሰ። ጋሽ ሳህሉ መጡ፤ ወንበሩ ላይ ግን አልተቀመጡም።

«መንገዱ ሌላ መንገድ ሆኗል እኮ። አየኸው አይደል? ከእንግዲህ በድሮው ኪራይ እንዴት ይሆናል?»

«ሊዙን ለእኔ ተወው ብለውኝ ነበር እኮ፣ ጋሽ ሳህሉ።»

«ተውከው። እኔም አሰብኩበት።»

የጠሩት ኪራይ የድሮውን እጥፍ ነበር። አበባውን ያዋጣሁት እኔ፣ አበባው ያስወደደው የእኔን ኪራይ! ለመንኩ፣ ሽማግሌ ላክሁ፣ አልሆነም። ሱቁን የውሻ ፀጉር ቤት ተከራየው። መቀስ ወጣ፣ መቀስ ገባ።

እኔና ባለቤቴ ውብአለም ከምንኖርበት ከኢስት ዮርክ ለቅቀን ኪራይ ወደሚቀልበት ወደ ሬክስዴል ገባን። ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ መጋዘን የሌሊት ሥራ አገኘሁ። ሰዉ ሁሉ የሚያውቀው የሱቁን ስልክ ነበር፤ እሱም ተቆረጠ። ፎቶዬ ግን ከምሰሶው አልወረደም። አውርዱልኝ ብዬ ቢአይኤው ጋ ኮል ባደርግ፣ አንዲት ልጅ በትህትና፣ «እንዲወርድ መጠየቅ የሚችለው አባል ብቻ ነው፤ እርስዎ አሁን አባል አይደሉም» አለችኝ።

እንግዲህ በአላፊ አግዳሚ ዓይን እዩት። የውሾቹ ሰውዬ ቤቱን እስኪያድስ መስታወቱን በጥቁር ወረቀት ሸፍኖታል። ከፊቱ እኔ ተሰቅዬ እስቃለሁ። ከስሬ አበባ አለ። ሐበሻ ሱቅ ደጃፍ ላይ የሰው ፎቶ የሚሰቀለው መቼ እንደሆነ ቶሮንቶ የኖረ ያውቃል፦ ባለ ፎቶው ወይ ዘፋኝ ነው፣ ወይ ሟች። እኔ ደግሞ ዘፋኝ አይደለሁም።

ስልኬን ሞከሩ፣ አይሠራም። ይኸው ሞቷል አሉ። ሳምንት ሳይሞላ የሞትኩበትም ምክንያት ታወቀ፦ ልቤ ነው፤ ሱቄን ሲነጥቁኝ ተሰብሮ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ገብቼ ተኝቻለሁ። በር ተንኳኳ፤ ውብአለም ከፈተች። ኮሪደሩን የሞላ ጥቁር የለበሰ ሰው ቆሟል፤ ዕቃዬን የጫነልኝ ዮሴፍ ነው መርቶ ያመጣቸው። በጠዋት፣ ጥቁር ለብሰው፣ ሳይደውሉ። ደሴ ያሉት እናቷ የሞቱ መሰላትና ጩኸቷን ለቀቀችው። እሷ ስትጮህ እነሱ አለቀሱ፤ እነሱ ሲያለቅሱ እሷ ባሰባት። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም።

እኔ በጩኸቱ ባነንኩ። አማቴ አረፉ ብዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እወዳቸዋለሁ። በዚህ መሀል ከሳሎን የጋሽ ሳህሉን ድምፅ ሰማሁ። የእድሩ ሊቀመንበር አይደሉ? ከፊት ነው የመጡት።

«ዘመድኩን ልጄ ነበር» አሉ።

ልጄ ማለታቸው አላስደነገጠኝም፤ ነበር ማለታቸው ነው።

«የዚያ ሱቅ ነገር አንጀቴን ይበላዋል። የውሻ ማጠቢያ! ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው! አሁን ከመቃብር ተነስቶ ቢመጣ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ በድሮው ኪራይ ቁልፉን እጁ ላይ አስቀምጥለት ነበር።»

እኔም ተነሳሁ። በፒጃማዬ ሳሎን ገብቼ እጄን ዘረጋሁ።

«ጋሽ ሳህሉ፣ ቁልፉን።»

አንዷ ሴትዮ ሶፋው ላይ ተዘረረች። እማማ ወለተሥላሴ አማተቡ። ውብአለም ዞር ብላ አየችኝና፣ «አንተማ አለህ! እናቴስ?» አለች። የእናቷን ነገር የሚያውቅ እንደሌለ ሲገባት እልልታዋን አቀለጠችው። ሰዉ አቀፈኝ፣ ሳመኝ፣ እውነት መሆኔን ለማረጋገጥ ጉንጬን ቆነጠጠኝ። ሁካታው ሲረጋ እጄ አሁንም እንደተዘረጋ ነው።

ጋሽ ሳህሉ እንባቸውን ጠረጉ፤ መሐረባቸውን በድሮ መታጠፊያው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ልጄ፣ በመኖርህ ደስ ብሎኛል። ያልኩት ግን በሐዘን የተነገረ ነው። ከውሾቹ ጋር የአምስት ዓመት ሊዝ ተፈራርመናል።»

«እግዚአብሔር ምስክሬ ነው ብለዋል እኮ!»

«እሱ ምስክር ነው። ሊዝ ደግሞ ሊዝ ነው።»

አንድ ነገር የሚላቸው ሰው ፈልጌ ዙሪያዬን አየሁ። ግማሹ የእሳቸው ተከራይ ነው፤ ወለሉን ያያል። ሞቼ ያለቀሰልኝ ሰው ሁሉ ቆሜ ስጠይቅ አፍ አልነበረውም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ጋሽ ሳህሉ የቢአይኤ ሚቲንግ አለብኝ ብለው ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉና፣ «ፎቶህ ግን ትንሽ ይቆይልን፤ ሰዉ ወዶታል» አሉኝ።

ለለቅሶ የመጣው ምግብ ጠረጴዛውን ሞልቶታል። እማማ ወለተሥላሴ እጄ እንደተዘረጋ መሆኑን አይተው ሰሃን ሞልተው አስያዙኝ።

«ብላ፣ ልጄ» አሉ። «ያዋጣህበት ነው።»