ሐዋ የተወችው ሰላት

ሐዋ ከወሎ ወርዳ አዋሽ መኖር ከጀመረች ብዙ ዓመቷ ነው። ልጇ ሀምዳ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ምግብ ቤት ነበራት፤ ወደ ጥጥ እርሻው የሚወርደው ወዛደር ሁሉ እዚያ በልቶ ነው የሚያልፈው። አሮጊቷም በር ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች አላፊ አግዳሚውን ትመርቅ ነበር።

አንድ ጠዋት ለሰላት ታጥባ ውዱእ ልታደርግ ስትነሳ ልብሷ ላይ ደም አየች። የወር አበባዋ ከቆመ ወዲህ የልጅ ልጅ ድራለች። በዚህ ዕድሜ ተመልሶ መጣብኝ ብላ አፈረች። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትሰግድምና መስገጃዋን አጥፋ አስቀመጠች። ደሙ ሲያባራ የሚሸት ፈሳሽ ተከተለ። እንዲህ ሆኖ ይሰገድ እንደሆን ሼኹን ልትጠይቅ አሰበች፤ ግን ይህ ለወንድ በምን አፍ ይነገራል? ለሀምዳም አልነገረቻትም። ጨርቋን ደብቃ ታጥባለች፤ ሰው ሲበዛ ከበሩ ተነስታ ጓዳ ትገባለች። ሀምዳ እናቷ ልትሰግድ የገባች ይመስላት ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ፈሳሹ ደረቀ። ሐዋ ወደ ሰላቴ ልመለስ ነው ብላ አልሐምዱሊላህ አለች። ወዲያው ግን ሆዷ ተነፋ፣ ብርድ ብርድ ይላት ጀመር። ሀምዳ ወባ መስሏት ክኒን ገዛችላት። የጤና ረዳቱን ድሬሰር አምጥታም እሱ ሆድሽን ልይ ቢላት አሮጊቷ እምቢ አለች። መቆም ሲያቅታት በባቡር ናዝሬት ሐኪም ቤት አደረሷት።

ሐኪሙ የደሙንና የፈሳሹን ነገር ከሐዋ ጠይቆ ከተረዳ በኋላ ሀምዳን ለብቻዋ አስጠራት። የማኅፀኗ አፍ በእርጅና ጠቦ ተዘግቷል፤ መግሉ መውጫ አጥቶ ውስጥ ተጠራቅሟል አላት። ስኳር በሽታም ስላለባት ሰውነቷ ሊቋቋመው አልቻለም። ደሙን እንዳየች ብትመጣ ኖሮ መግሉን ማውጣት ይቻል ነበር። አሁን ግን ማኅፀኑ ተበስቶ መግሉ ሆዷ ውስጥ ፈሷል፤ ቀዶ ጥገናውንም አትችለውም።

ሀምዳ ስትመለስ እናቷ ዓይኗን ገለጠች።

«የወር አበባ ነው አለሽ?»

«አይደለም እማ። በሽታ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ መስገድ እችል ነበራ?»

ሀምዳ በውሃ ፊቷንና እጆቿን አበሰችላት። ሐዋ እንደተኛች አላሁ አክበር ብላ ፋቲሃን ጀመረች፤ ትኩሳቱ ቃሉን አምታታባት። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ጠፋት። ሲመሽ መሞከሩንም ተወችው።

ሳይነጋ አረፈች። እዚያው ናዝሬት፣ የሚያውቃት ሰው በሌለበት መቃብር ቀበሯት፤ ሀምዳም በማግስቱ ባቡር ብቻዋን ተመለሰች።